ዋልካን የሚያስተነፍስ የኮኮናት ቃጫ

ጓሮው ዋልካ አፈር የሆነ ሰው ሁለት ዓይነት ፈተና ያውቃል። ክረምት ላይ ጭቃው ከዶማውም ከቦቲ ጫማውም አልላቀቅ ይላል፤ በጋ ላይ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ውስጥ በቦሌ በኩል ቤት የሠራ ሁሉ ይህን ጥቁር አፈር ያውቀዋል።

ዋልካን ግን ደካማ አፈር ማለት እሱን መበደል ነው። ውሃም ሆነ ለተክል የሚሆን ምግብ አጥብቆ ይይዛል። የቸገረው አየር ነው። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊሜትር ታንሳለች፤ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ሲተኙ ሥር የሚተነፍስበት ቀዳዳ አይተርፍም። አሸዋ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መጨመርም መፍትሔ አይሆንም፤ ሲደርቅ ጡብ የመሰለ ነገር ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ነው ኮይርን ማስተዋወቅ የምፈልገው። ኮይር የኮኮናት ፍሬ ከጠንካራ ቅርፊቱ ውጭ የሚለብሰው ቃጫ ነው። ስሙ የመጣው ገመድ የሚል ትርጉም ካለው የማላያላም ቃል ነው። ማላያላም በሚነገርበት በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ዳርቻ፣ ሰዎች የፍሬውን ልባስ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ለወራት ይዘፈዝፉትና ቀጥቅጠው ቃጫውን ይፈትሉታል። የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች የመርከባቸውን ሳንቃ በምስማር ፋንታ በዚህ ገመድ ይሰፉት ነበር።

ቃጫው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ቡናማ ብናኝ ግን የሚፈልገው አልነበረም። ሊግኒን የሚባለው እንጨታም ነገር ስለሚበዛበት በቀላሉ አይበሰብስም፤ ስለዚህ በየፋብሪካው ደጅ ይከመር ነበር። ዛሬ ኮኮፒት እየተባለ፣ ደርቆና እንደ ጡብ ተጨምቆ የሚሸጠው ይኸው ብናኝ ነው። በአገራችንም ጽጌረዳን ያለ አፈር የሚያበቅሉ የአበባ እርሻዎች ይጠቀሙበታል።

ለዋልካ የሚበጀውም ይህ አልበሰብስ ባይነቱ ነው። ፍግ ከአፈር ጋር በተቀላቀለ ጊዜ ተሐዋስያን ቶሎ ይጨርሱታል፤ ኮይር ግን ለዓመታት በሸክላው መካከል ተሰግስጎ ይቆያል፤ አየርና ውሃ የሚተላለፉበት መንገድም ይከፍታል። ይሁን እንጂ ራሱ ምግብ አይደለም። ናይትሮጅኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ብቻውን ከሚቀበር በደንብ ከበሰለ ፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር ቢደባለቅ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ስለ ጨው ነው። በባሕር ውሃ የተዘፈዘፈና በደንብ ያልታጠበ ኮይር ሶዲየም ይዞ ይመጣል። ሶዲየም ደግሞ የተያያዙትን የሸክላ ቅንጣቶች ይበትናል፤ የተበተኑት ቅንጣቶች የቀረችውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ሊረዳ የመጣው ነገር ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው። በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እያጠቡ ማጥለል ድካሙ ቀላል ነው።

አንድ የ5 ኪሎ ጡብ በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲያብጥ 60 ሊትር ያህል ይሆናል። አምስት ሴንቲሜትር ውፍረት ይኑረው ቢባል የሚሸፍነው ከአንድ ካሬ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቦታ ነው። ስለዚህ ለሰፊ መሬት አልመክረውም፤ ለችግኝ መደብና ለካሮት፣ ለቀይ ሥር፣ ለሰላጣ መደብ ግን ወጪው አያስቆጭም። መደቡም ከፍ ተደርጎ ይሠራ፤ ኮይር የክብደቱን ብዙ እጥፍ ውሃ ስለሚይዝ ዝቅ ባለ ቦታ የክረምት ውሃ ይተኛበታል።

ለመደባለቅ የሚመቸው ጥቅምት ገደማ ነው፤ አፈሩ ጭቃነቱን ለቆ ገና ድንጋይ ሳይሆን። ጭብጥ አፈር አድቦልቡለው በጣት ይንኩት። እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ ከተፈረፈረ ዶማዎን ያንሡ።