ከአዲስ አበባ እስከ መካነ ሰላም ስንት ነው?

ርቀት ሲጠየቁ በቁጥር መመለስ የዘመኑ ልማድ ሆኗል። ዛሬማ የሁለት ከተሞች ስም በስልክ ላይ ቢጻፍ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትና የበረራው ጊዜ ወዲያው ይወጣል። ቁጥሩ አይዋሽም፤ ነገር ግን ያልተጠየቀውን አይናገርም። ለዚህ ነገር ከመካነ ሰላም የተሻለ አስረጂ አላገኘንም።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ማስመሪያ ብንዘረጋ፣ በመካከል ያለው 195 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ይህንን በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረበት የዲሲ 3 ዓይነት አይሮፕላን እንኳ ከ40 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። መካነ ሰላምም የአይሮፕላን ሜዳ አላት፤ በዓለም አቀፉ የአየር ጣቢያዎች መዝገብ ኤም.ኬ.ኤስ. በሚል ምልክት ተመዝግባለች።

እንግዲህ ከአየር ወደ ምድር እንውረድ። በደሴ በኩል የሚሄድ መንገደኛ እስከ ደሴ 400፣ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ እስከ መካነ ሰላም 180፣ በጠቅላላው 580 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህም የማስመሪያው ሦስት እጥፍ ነው።

«በአይሮፕላን እሄዳለሁ» የሚል ቢኖር የእሱንም ሒሳብ እንይለት። በደቡብ ወሎ መንገደኛ የሚያመላልሰው አየር ጣቢያ ኮምቦልቻ ነው። ሰውዬው እዚያ ሲወርድ ወደ ደሴ ሊወጣ፣ ከደሴም ጉዞውን ሊቀጥል ነው፤ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ይኸውም አዲስ አበባ ሳለ በአየር ከነበረበት ርቀት ይበልጣል ማለት ነው!

ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የወሎ ደጋ በወንዞች የተሸነሸነ ነው፤ መኪናም እንደ አሞራ ገደል አይሻገርም። ከዓባይ ማዶ ያለችው መርጡለ ማርያም በአየር ከመካነ ሰላም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በመካከሉ ግን የዓባይ ሸለቆ አለ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ ገደሉን ያላየም ካርታውን ያመሰግናል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ መካነ ሰላም ነው፤ ከሩቅ አገር የሚመደብ ተማሪ መሳፈሪያውን የሚያሰላው በማስመሪያው ልክ ከሆነ ገንዘቡ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የተላከች ወላድም በአየር 105 ኪሎ ሜትር መሆኑ አይጠቅማትም፤ የምትሄደው በ180ው ነው። ባለጉዳይን «በሦስት ቀን ውስጥ ቅረብ» ብሎ የሚጽፍ ወጣት ሹምም፣ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የሰውየውን መንገድ ማሰብ ይገባዋል።

የደጋው ገበሬ ርቀትን ሲጠየቅ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ወይም «ወንዙ ካልሞላ ነገ ትደርሳለህ» ይላል። ይህ አነጋገር ለአንዳንድ የተማረ ሰው ያልሠለጠነ ይመስለዋል። ነገር ግን በውስጡ ዳገቱም፣ ወንዙም፣ ክረምቱም ተቈጥረዋል። ኪሎ ሜትርን አንጥላ፤ ነገር ግን «ስንት ነው?» ካልን በኋላ «በየት በኩል?» ብለን እንጨምርበት።