ሞተሩ የት ይደር?

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ጅቡቲ ውስጥ ታጁራ ባህረ ሰላጤ የሚሄድ ሰው ልቡ ያለው ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ ላይ ነው። እኔም ለእሱ ብዬ ነበር በባለሸራ ጀልባ ላይ አምስት ቀን ያደርኩት። ዓሣውስ ያስደንቃል፤ የማልረሳው ግን ማታ ማታ የሚነሳውን የሞተር ጣጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ጀልባ ዳርቻ መጠጋት ስለማይችል ራቅ ብሎ መልህቁን ይጥላል። ሰው የምታመላልሰው በአየር የምትነፋ ትንሽ ጀልባ ናት፤ ሞተሯም ከኋላዋ ተቆንጥጦ ይንጠለጠላል። ታዲያ ሲመሽ ይፈታል። ሌባ አለ፣ ማዕበል አለ። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ባለ አራት ስትሮኩማ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሊያህል ምንም አይቀረው። ይህንን ከምትወዛወዝ ጀልባ ወደምትወዛወዝ ጀልባ ማውጣት ነው እንግዲህ!

መካኒኩ የባህር ዳር ልጅ ነው፤ ሥራውን የለመደው ቱሪስት ወደ ዘጌ በሚያመላልሱ ጀልባዎች ላይ ነው። ብሎኑን ከመንካቱ በፊት ሞተሩን በገመድ ከትልቁ ጀልባ ጋር ያስራል። ቢያመልጥ ባህር ውስጥ አይቀርማ። ከዚያ በመዘውር ይስበዋል። የመጠጥ ውሃ ተቆጥቦ ሞተሩ በንጹህ ውሃ ይታጠባል፤ ጨው ውስጡ ከደረቀ የማቀዝቀዣውን መስመር ይደፍነዋል። «ጣና ላይ ጨው የለም፤ እዚያ ደግሞ እምቦጩ አለ» ይላል እየሳቀ።

ማቆሚያውም ቀጥ ብሎ ነው። ፕሮፔለሩ ከጭንቅላቱ ከፍ ካለ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ባለ አራት ስትሮክ በግድ መተኛት ካለበት አምራቹ በፈቀደው ጎን ብቻ ነው፤ አለዚያ ዘይቱ የማይገባበት ይገባል።

በአራተኛው ሌሊት ካፒቴኑ አጠገባችን ከቆመ ጀልባ ሞተር ተሰረቀ የሚል ወሬ ሰማ። «ወደ ውስጥ አስገባው፣ ደረጃው ሥር ይደር» ብሎ አዘዘ። መካኒኩ «አይሆንም» አለ። አለቃውን ነው እንግዲህ፤ ያውም በሰው አገር፣ እንጀራው በእሱ እጅ ሆኖ።

ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ የቤንዚን ተን ወደ ላይ የሚሄድ እንዳይመስልዎት። ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ታች ይተኛል» አለኝ። የጀልባ ወለል ደግሞ ከሥሩ መውጫ የለውም። ካርቡሬተር ውስጥ የቀረች ጥቂት ቤንዚን ብትንጠባጠብ ተኗ ከአልጋዎቻችን በታች ይጠራቀማል። እዚያው የውሃ መምጠጫው ፓምፕ አለ፣ ፈንጠር ብሎ የጋዝ ምድጃው። አንዲት የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ትበቃለች። የትልቁ ጀልባ ሞተር በናፍጣ ስለሚሠራ ሰው ይዘናጋል፤ ናፍጣ እንዲህ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ ተኑ ይነዳል። እኛ ስምንት ሰዎች ነበርን የምንተኛው። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ጀሪካን ኮሪደር ላይ የሚያስቀምጡ ጎረቤቶቼ ትዝ አሉኝ።

ክርክሩ ረዘም አለ፤ ፈረንሳይኛው ስለፈጠነብኝ ግማሹ አመለጠኝ። በመጨረሻ ሞተሩ እንደወትሮው ከኋላ ያለው የብረት መከታ ላይ፣ ሳንቃው ላይ ቆሞ ታሰረ። ጀሪካኑም ውጭ ቀረ። ልጁ ፍራሹን አውጥቶ አጠገቡ ተኛ።

ጠዋት ካፒቴኑ ቃል አልተነፈሰም። ወደብ ስንደርስ ግን ከሁሉ ቀድሞ ወርዶ ወፍራም ሰንሰለትና ቁልፍ ገዝቶ መጣ።