«ዘ ዊች»ን ማየት ለምን ይከብዳል?

ሃያሲ ሁሉ ያደነቀውን ፊልም ከፍተን ገና ከግማሹ ሳንደርስ ስልካችንን ማየት ከጀመርን፣ ጥፋቱ የፊልሙ ነው ወይስ የእኛ እያልን መጠየቃችን አይቀርም። የሮበርት ኤገርስ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም «ዘ ዊች» ብዙ ሰው በዚህ ስሜት ያየው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሳንዳንስ ፌስቲቫል ኤገርስን ለዳይሬክተርነት ሽልማት አበቃው። በቀጣዩ ዓመት ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን፣ ከመጀመሪያው ምሽት ተመልካቾች አስተያየት የሚሰበስበው ሲኒማስኮር ያገኘው ውጤት ሲ ማይነስ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የተሰማቸውን ነው የተናገሩት። ሕዝቡ በድንገት የሚያስደነግጥ ፊልም ለማየት ነበር የገባው፤ ያየው ግን የአንድ ቤተሰብ መፍረስን ነው።

ዘመኑ 1630ዎቹ፣ ቦታው ኒው ኢንግላንድ ነው። ከእንግሊዝ የመጣው ፒዩሪታን ገበሬ ዊልያም በሃይማኖት ክርክር ከሰፈራው ተባርሮ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጫካ ዳር ጎጆ ይቀልሳል። በቆሎው ይበላሻል። ከዚያ ጨቅላው ሳሙኤል ይጠፋል፤ እያጫወተችው የነበረችው ታላቅ እህቱ ቶማሲን ፊቷን በእጇ ሸፍና ስትገልጥ ልጁ የለም።

የመጀመሪያው ችግር እዚህ ይመጣል። አብዛኛው አስፈሪ ፊልም «ማን ነው ያደረገው? እውነት ጠንቋይ አለች?» በሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ይዞን ይጓዛል። ኤገርስ ግን ጠንቋይዋን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያሳየናል። የማያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ጫካ ጫካውን እያየ ቀጣዩን ጭራቅ የሚጠብቅ ሰው ረጅም ጊዜ ባዶ እጁን ይቀመጣል። የሚታየው ጉዳይ ያለው ጎጆው ውስጥ፣ ማዕዱ ዙሪያ ነው።

የብር ዋንጫውን ነገር ልብ በሉ። ዊልያም የሚስቱን የብር ዋንጫ በድብቅ ሰጥቶ የአደን ዕቃ ለውጦበታል። ይህን ለልጁ ለኬሌብ ብቻ ይነግረዋል። ማታ እናትየው ዋንጫዋ መጥፋቱን አንስታ ቶማሲንን ስትጠይቅ፣ አባት ዝም ይላል። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፤ ለእኔ ግን የፊልሙ ትልቁ ፍርሃት ይኸው ነው። እግዚአብሔርን ከልቡ የሚፈራ፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው ሴት ልጁ ያላጠፋችው ጥፋት ሲለጠፍባት እያየ አፉን ይዘጋል። ቶማሲን ደግሞ በንዴት ትንሿን እህቷን ለማስፈራራት «ጠንቋይዋ እኔ ነኝ» ብላ ነበር፤ ያ የልጅ ቃል ኋላ ማስረጃ ሆኖ ይመጣባታል። ታሪኩ ከተቀመጠበት ዘመን 60 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1692 በሴለም 19 ሰዎች በጥንቆላ ተከሰው የተሰቀሉት በልጆች ምስክርነት ጭምር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት ይከብዳል።

ሁለተኛው ችግር የእምነታቸው ነገር ነው። ፒዩሪታኖች የካልቪንን ትምህርት የተከተሉ ናቸው፦ ማን እንደሚድን እግዚአብሔር አስቀድሞ ወስኗል፤ ሰው በጾሙም በምጽዋቱም ያን አይለውጥም። ኬሌብ ሳይጠመቅ የጠፋው ወንድሙ ገነት ይገባ እንደሆነ ሲጠይቅ አባቱ የሚያጽናናበት መልስ የለውም። ፊልሙ ይህን ትምህርት ቆም ብሎ አያስረዳም፤ ሳያውቁት ለሚያዩት ንግግሩ ዝም ብሎ ስብከት ይመስላል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና በሚነሳበት ቤት ያደገ አንባቢ ግን የእናትየውን ጭንቀት ከብዙ ተመልካች ቀድሞ ይረዳዋል። ብቸኝነታቸውንም እንዲሁ፤ ልጅ ጠፍቶባቸው ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት፣ የሚያጽናና ካህን፣ «ተው» ብሎ የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም።

ንግግሩም ራሱ እንቅፋት ነው። ኤገርስ ብዙውን ቃል የወሰደው ከዘመኑ ማስታወሻዎችና የፍርድ ቤት መዛግብት ነው፤ አባት የሆነው ራልፍ አይነሰን ደግሞ ጎርናና በሆነ የሰሜን እንግሊዝ ቅላጼ ይናገራል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ይቸገሩበታል። የግርጌ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ክፈቱት። የተቀረጸውም በአብዛኛው በተፈጥሮ ብርሃን፣ የቤት ውስጡ ደግሞ በሻማ ስለሆነ፣ ቀን በስልክ ላይ ካያችሁት ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ባላችሁ ትልቅ ስክሪን ይሁን። የማርክ ኮርቨን ሙዚቃ ምንም ሳይሆን ዛፍ ብቻ እየታየ ከፍ ይላል፤ አደጋ መጣ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ትደክማላችሁ። ሙዚቃው የሚነግራችሁ ጫካው በቤተሰቡ ላይ ምን ስሜት እንደሚያሳድር ነው።

ይህን ሁሉ አውቆም ፊልሙን ያልወደደ ሰው «አልገባህም» ሊባል አይገባም። ፊልሙ እውነተኛ ጉድለት አለበት። ቤተሰቡን የምናገኘው ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ሲስቁ፣ ሲጫወቱ፣ ሲዋደዱ የምናይበት ጊዜ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሲጠፉ የሚገባንን ያህል አናዝንላቸውም። መንትዮቹ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከማስቸገር በቀር እምብዛም አልተሳሉም። ይህን የሚያካክሰው ያኔ እምብዛም የማትታወቀው አንያ ቴይለር ጆይ ናት። ቶማሲን በእያንዳንዱ ክስ ፊቷ እንዴት እየጠነከረ እንደሚሄድ ተከታተሉ፤ ታሪኩን ከእሷ ወገን ሆኖ ያየ ሰው የመጨረሻውን ውሳኔዋን ባይደግፈውም ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ፊልሙ 92 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በአንድ መቀመጫ ማየት ይሻላል፤ እየቆራረጡ ካዩት የሚጠራቀመው ውጥረት ይበተናል። ካልሆነላችሁ፣ የዚሁ ዳይሬክተር «ዘ ላይትሃውስ» (2019) ከዚህም የባሰ ዝግና ከባድ ስለሆነ ወደዚያ አትሂዱ። «ኖስፌራቱ» (2024) ግን የሚያስፈራው ማን እንደሆነ ግልጽ፣ ታሪኩም ለመከታተል ቀላል ስለሆነ፣ የኤገርስን ሥራ ከእሱ መጀመር ይቀላል።