ድመት ያለበት ቤት መርዝ አይግባ

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ገላባትን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ በመኸር ወቅት ግራና ቀኙ እህል ነው። ሰሊጡ በመስከረምና በጥቅምት ይታጨዳል፤ ማሽላው ከኅዳር ጀምሮ ይከተላል። ለአጨዳ ከአማራ ክልል የሚወርዱት ሳሉጎች የሚባሉት ወቅታዊ ሠራተኞችም ሆኑ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሱቅ የከፈቱት ኢትዮጵያውያን አብዛኛውን ጊዜ ከጆንያ አጠገብ ነው የሚያድሩት። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋምና ብዙ ሰው ድመት ያሳድጋል። ድመት እያለች አይጥ ሲበዛ ደግሞ ሰው ግራ ይጋባና ከገበያ መርዝ ገዝቶ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ መርዙ ከመገዛቱ በፊት ቢነበብ ደስ ይለኛል።

የአካባቢው አፈር ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የሜዳ አይጦችም እዚያ ይጠለላሉ። ክረምት ሲገባ አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ይደፈናል፤ አጨዳው ሲያልቅ ደግሞ ማሳው ይራቆታል። በሁለቱም ጊዜ አይጦቹ መጠለያና ምግብ ፍለጋ ወደ ሰው ቤት ይጠጋሉ። በአፍሪካ የእርሻ አካባቢዎች በብዛት ከሚገኙት መካከል ማስቶሚስ የተባለችው አይጥ በመራባት ወደር የላትም። እስከ 24 ጡት ሊኖራት ይችላል፤ በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያም በላይ ትወልዳለች፤ እርግዝናዋም ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ብቻ ነው። አንዲት ድመት ይህን ያህል ልጅ በልታ አትጨርስም።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል፤ ሳይንሱም ይስማማበታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ ጥናት አዳሜክ የተባለ ተመራማሪ ለድመቶች የሚወዱትን ዓሣ አቀረበላቸውና እየበሉ ሳለ አይጥ ለቀቀላቸው። ድመቶቹ ዓሣውን ትተው አይጡን ገደሉ። ከዚያ የገደሉትን ይዘው ወደ ሳህኑ ተመለሱና ዓሣቸውን መብላት ቀጠሉ! ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ «አይጥ እንድትይዝ አታብላት» የሚለው ምክር እንስሳዋን ከማጎሳቆል አልፎ የሚፈይደው ነገር የለም፤ የተራበች ድመት ቤቱን ትታ የጎረቤት ማጀት ትለምዳለች።

የማትደፍረው ግን አለ። ትንሿ የቤት አይጥ 20 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ አይጠ መጎጥ ከ300 ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ መውጫ ሲያጣም ይናከሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ ባለ የቆሻሻ ማዘጋጃ ካሜራ ተክሎ የ79 ቀን እንቅስቃሴ መዝግቧል። ድመቶቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲገድሉ የታዩት ሁለት አይጠ መጎጥ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ድመቶች በብዛት በታዩባቸው ቀናት አይጠ መጎጦቹ ከሜዳው ዘወር ይሉ ነበር። ድመት አይጥን ከመጨረስ ይልቅ የምታስደነግጥ ዘበኛ ናት፤ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ድመት ጸጉሯን ስትልስ በምራቋ የሚቀረው ፕሮቲን በአይጥ አፍንጫ ውስጥ ያለ ልዩ የስሜት አካል ይነካል፤ ድመት አይታ የማታውቅ የላቦራቶሪ አይጥ እንኳ ሽታው ሲደርሳት ትሸሻለች።

እንግዲህ አይጡ ጠፋ ብሎ ከመደምደም በፊት ጆንያውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ጀርባውን ማየት ነው። ከግርጌው አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ፣ ከሥሯ እንደ ዱቄት የደቀቀ የማሽላ ብጣሪ፣ በግድግዳው ጠርዝ አይጦቹ ሲመላለሱ ጸጉራቸው ያጠቆረው መስመር ይታያል። ኩሱም ይናገራል፦ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ከሆነ የትንሿ አይጥ ነው፤ ከአንድ ሴንቲሜትር ካለፈ ግን የአይጠ መጎጥ ነውና ከድመቷ ብዙ መጠበቅ አይገባም።

ሰው እዚህ ሲደርስ ነው መርዝ የሚያምረው። ጥቁር ግራጫው ዚንክ ፎስፋይድ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ድመት የሞተችውን አይጥ ከነጨጓራዋ ከበላች፣ ወይም መርዙ የተቀባበትን ምግብ ከላሰች፣ እሷም ትመረዛለች። ሕፃን ልጅም እንዲሁ፤ የዚህ መርዝ ማርከሻ የለም። ሌላው ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የማገጥ ሣር የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ መሞታቸው ነበር፤ ከዚያ ምርምር የወጣው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ገባ። ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ብሮዲፋኩም ከእሱ እጅግ የበረታ ሲሆን በጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያል። መርዙን የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም። ለቀናት እየደከመች፣ በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደች ትዞራለች፤ ድመት የምትይዘው ደግሞ እንዲህ ያለችውን ነው። ጥሩ አዳኝ የሆነችው ድመት ቀድማ የምትጎዳውም ለዚህ ነው። ድዷ የነጣ፣ ትንፋሽ ያጠራት ወይም ከአፍንጫዋ የሚደማ ድመት ካለች ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ትድረስ፤ ደም እንዳይረጋ ለሚያደርገው መርዝ ማርከሻው ቫይታሚን ኬ1 ነው፣ ሕክምናው ግን ሳምንታት ይፈልጋል።

የድመቷ ኩስም ከእህሉ መራቅ አለበት። አይጥ የበላች ድመት ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ልትይዝና ከኩሷ ጋር ለአንድ ሁለት ሳምንት ልትረጭ ትችላለች። ተሕዋሱ እ.ኤ.አ. በ1908 ቱኒስ ውስጥ ከአይጥ ዘመዶች አንዱ በሆነ እንስሳ ላይ ነበር የተገኘው፤ የተያዘች አይጥ የድመት ሽታ መፍራቷን እንደምታቆም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የኦክስፎርድ ጥናት ታይቷል። የድመቷ ኩስ ሌላውን ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየዕለቱ ቢጠረግ አደጋው ይቀንሳል። እርጉዝ ሴት ግን አትንካው፤ ተሕዋሱ ወደ ጽንሱ ይሻገራል።

የሚበጀው እህሉን መዝጋት ነው። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃታል፤ ስለዚህ የግንብ ቤት ቀዳዳ በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ ይደፈን። የሣር ጎጆን ግን ደፍኖ መጨረስ አይቻልም። እዚያ የሚያዋጣው ለቤት የሚሆነውን ማሽላ ክዳኑ በሚገጥም የብረት በርሜል ማስቀመጥ ነው። ከቤት ውጭ ያለ ጎተራ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እግሮቹ የቆርቆሮ ሾጣጣ ቢደፉ አይጥ አትወጣበትም። ጆንያ የግድ ክፍል ውስጥ ከተደረደረ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቆ ይሁን፤ ድመቷ ዙሪያውን መመላለስ ትችላለች፣ ሽታዋም አይጧ የምትሄድበት መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚመቸው ሰሊጡ ተሽጦ ማሽላው ሳይገባ፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ግድግዳው እስከ ጥጉ በሚታይባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው።