በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ባሕር እንዴት ይንቀሳቀሳል?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባሉት ሰፈሮች በአንዱ የሚኖር ሰው የባሕር ዓሣና ኮራል በሳሎኑ ለማኖር ቢያስብ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሣጥኑ ስፋትና ስለ መብራቱ ድምቀት ነው። ውሃው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚጠይቀው ግን ዘግይቶ፣ ብዙውን ጊዜም ከእንስሳቱ አንዳንዱ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን በዚሁ በተዘነጋው ነገር ላይ ይሆናል።

ኮራል ለሚያየው ሰው ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። አብዛኛው ዓይነት ባለበት ተተክሎ የሚኖር ስለ ሆነ ምግብ ፍለጋ አይሄድም፤ ከገዛ ቆሻሻውም አይሸሽም። የሚመግበው፣ የሚያስተነፍሰውና የሚያጥበው በላዩ የሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃው ጸጥ ያለ እንደ ሆነ፣ በኮራሉ ገላ ላይ ያለው የማይንቀሳቀስ የውሃ ሽፋን እየወፈረ ይሄዳል። ያን ጊዜ ኦክሲጅን ወደ ውስጥ ለመግባት፣ የተቃጠለውም አየር ለመውጣት እጅግ ይዘገያሉ። የውሃው እንቅስቃሴ ይህን ሽፋን ያሳሳዋል፤ ጥቅሙም ከሁሉ በፊት በዚህ ላይ ነው።

ኮራል ከኢትዮጵያ የራቀ ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ስለ አፋር ምድር ጥቂት ላስታውሰው። ሀገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ሆኖም በዳናክል ረባዳ ምድር ዳር የደረቀ የኮራል ቋጥኝ እስከ ዛሬ ይታያል። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ድረስ ገብቶ ነበርና ነው። ኋላ ግን የባሕሩ መግቢያ ተዘጋ፤ አዲስ ውሃ የማይገባበት ባሕር በፀሐይ ተነነ፤ ኮራሉም በቆመበት ደረቀ። አሞሌ እየተባለ በግመል ጀርባ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው ጨው እንዲህ ያለው የባሕር ውሃ ቅሪት ነው። (ይህን ስል ግን በአፋር ጨው የባሕር ውሃ ለመሥራት የሚሞክር እንዳይኖር እለምናለሁ። ከገበታ ጨው ብዙም የማይለይ ሲሆን፣ ኮራል የሚሻቸው ካልሲየምና ማግኒዚየም በሚገባቸው መጠን የሉበትም። ለዚሁ ተብሎ የተቀመመው የባሕር ጨው በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ይገባል።)

አሁን ወደ ኮልፌ እንመለስ። ሰፈራችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በምጽዋ ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ለመያዝ ይችላል፤ ያው ውሃ አየር ጤና ሲደርስ ከ5 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። የሰፈሩ ስም አየርን ከጤና ጋር ቢያስተሳስርም፣ ለባሕር ፍጥረት አየሩ ስስ ነው። ቀን ቀን በኮራሉ ገላ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ኃይል ኦክሲጅን ስለሚያወጡ ጉድለቱ አይታወቅም፤ ሌሊት ግን እነርሱም እንደ ሌላው ተንፋሽ ይሆናሉ። ስለዚህ በውጭ አገር ለባሕር ጠረፍ ከተሞች የተጻፈው መመሪያ በቂ ነው ያለው እንቅስቃሴ ለእኛ ትንሹ መጠን ነው ብለን ብንይዝ ይሻላል። በተለይም የውሃው ገጽ ዘወትር ሊናወጥ ይገባል፤ በላዩ የሚሰፍረው ስስ የቅባት ሽፋን አየር እንዳይገባ ይከለክላልና።

እንቅስቃሴ ሲባል ግን እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን መፍሰስ አይደለም። በባሕር ማዕበሉ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ ሙላትና ጉድለት ይፈራረቃሉ። በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ነፋሱ እንኳ ከወቅት ጋር አቅጣጫውን ይለውጣል፤ በፈረንጆች ክረምት ከደቡብ ምሥራቅ፣ በበጋቸው ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። አንድ ፓምፕ ብቻ ያለማቋረጥ በአንድ ኮራል ላይ ቢተፋ፣ ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ይላጣል፤ በስተኋላ ያለው ደግሞ ደለል ይጫነዋል። ሁለት ፓምፖችን ከግራና ከቀኝ አድርጎ ጉልበታቸው በመካከል እንዲጋጭ ማድረግ፣ ወይም በሰዓት መቆጣጠሪያ ማፈራረቅ የተሻለ ነው። ለስላሳ ኮራሎች በሰዓት የሣጥኑን ውሃ ከ10 እስከ 20 ጊዜ የሚያዞር ኃይል ይበቃቸዋል ይባላል፤ ማዕበል በሚመታው ቋጥኝ ላይ የሚያድጉት ባለ ቅርንጫፎች ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ይሻሉ።

ለእኛ ከሁሉ የሚስማማው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በሃዋይ የዋይኪኪ አኳሪየም ኃላፊ የነበሩት ብሩስ ካርልሰን ያስተዋወቁት ቀላል ዘዴ ነው። በየቤቱ ለውሃ መጠባበቂያ የሚቀመጠውን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ያስቡ፤ አዲስ ይሁን እንጂ ዘይት የነበረበት አይሁን። አፉ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ ከሣጥኑ በላይ በጠንካራ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ትንሽ ፓምፕ ከሣጥኑ ውሃ እየቀዳ ይሞላዋል። በጀሪካኑ ውስጥ እንደ ከዘራ እጀታ የታጠፈ የፕላስቲክ ቱቦ አለ፤ አንዱ ጫፉ ከጀሪካኑ ሥር አጠገብ ነው፣ ሌላው ወደ ሣጥኑ ይወርዳል። ውሃው ከቱቦው እጥፋት በላይ ሲደርስ ሲፎን ይሆንና ጀሪካኑ በሴኮንዶች ውስጥ ይገለበጣል፤ አየር ሲገባበት ያቆማል፤ እንደገናም ይሞላል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚቀዳ ፓምፕ ቢሆን፣ በየሁለት ደቂቃው አንድ ማዕበል ይመጣል ማለት ነው። ውሃው በቱቦው እጥፋት ላይ ዝም ብሎ የሚንጠባጠብ ቢሆን፣ ቱቦው ሰፍቷል ወይም ፓምፑ ደክሟልና ከሁለቱ አንዱ ይለወጥ።

ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ 20 ሊትር ውሃ ገጹን 4 ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ የሣጥኑ ውሃ ልክ የሚወሰነው ጀሪካኑ ባዶ ሳለ ነው፤ አለዚያ ምንጣፉ ባሕር ይሆናል። የመዳብ ዕቃ በውሃው ውስጥ አይግባ፤ ለኮራል መርዝ ነው። የኤሌክትሪኩም ሶኬት ከጨው ውሃው ርጭት የራቀ ይሁን። ኮራሉን የሚያስመጣ ሰው ደግሞ የፈቃድ ወረቀቱን ይመልከት፤ ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎችንም ይመለከታል።

መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ፓምፖቹ ሁሉ ይቆማሉ፤ ይህም ሌሊት የሆነ እንደ ሆነ አደጋው የባሰ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ካለ ወዲያው ይከፈት። ከሌለም ጀሪካኑ ስበትን እንጂ መብራትን አይጠብቅም፤ በንጹሕ ጆግ ከሣጥኑ እየቀዱ ፈጠን ብለው ቢሞሉት፣ ማዕበሉ በራሱ ይወርዳል። ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሳይጠብቁ፣ መብራቱ እስኪመለስ ድረስ በየሩብ ሰዓቱ ይህንኑ ይድገሙ፤ ጆጉም ዘወትር ከሣጥኑ አጠገብ ይኑር።