ሰፈር ሲነሣ ምን አብሮ ይነሣል? (ከካዛንችስ እስከ ቦሌ አራብሳ)

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ሰፈርህ የት ነው?» የሚል ነው። መልሱ አድራሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጠያቂው በዚያች አንዲት ቃል ምን ዓይነት ቤት እንዳደግህ፣ የት እንደተማርክ፣ ከማን ጋር እንደዋልክ ሁሉ ይገምታል። ከክልል የመጡ ጓደኞቻችን «እናንተ ስለ ሰፈር ስታወሩ ስለ አገር የምታወሩ ትመስላላችሁ» እያሉ ይስቁብናል። እውነታቸውን ነው። ታዲያ ሰፈር ማለት ምን ማለት ነው? እንዴት ይፈጠራል? ምን ሥራ ይሠራል? ሲነሣስ ምን አብሮ ይነሣል? እነዚህን ጥያቄዎች በካዛንችስ ምሳሌነት ላብራራ እሞክራለሁ። ጉዳዩ የሚመለከተን እንደ ነዋሪ ብቻ አይደለም። ነገ ክፍል ስንገባ ከፊታችን የሚቀመጡት ልጆች ከነዚህ ሰፈሮች የወጡ ናቸውና እንደ መምህርም ይመለከተናል።

1ኛ/ የስሙ አመጣጥ

ቃሉ «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር መኳንንቱ ጭፍሮቻቸውን ይዘው በየጉብታው ሰፈሩ። ጌታው ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ ጭፍራውና ባለሟሉ ዙሪያውን ተቀመጠ። ራስ ካሣ ሰፈር፣ ራስ ሥዩም ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ ልማድ የመጡ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ ስሙን ያገኘው በእጅ ሥራ ከሚተዳደሩት ሰዎች ነው። ከዚህ የአሰፋፈር ልማድ አንድ ትልቅ ነገር ተወረሰ፤ ይኸውም ሀብታምና ድኻ ጎን ለጎን መኖሩ ነው። በብዙ የዓለም ከተሞች ባለጸጋው ለብቻው፣ ድኻውም ለብቻው ይሰፍራል። በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ግን ከቪላው አጥር ሥር የጭቃ ቤት ተደግፎ ማየት የተለመደ ነበር።

የካዛንችስ ታሪክ ከዚህ ትንሽ ይለያል። ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ ነጮችና አገሬው ተለያይተው የሚኖሩበት የከተማ ፕላን ተነድፎ ነበር። የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ የሄደው በዚሁ ፕላን ምክንያት ነው። ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። ትርጉሙም የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ብሔራዊ ተቋም ማለት ነው። በጣልያንኛ «ካዛ» ቤት ስለሆነ ለሠራተኞቹ የተሠራው መንደር «ካዛ ኢንቺስ» ተባለ። የኛ ሰው አፍ ደግሞ አዋሕዶ «ካዛንችስ» አደረገው። እንግዲህ አገሬውን ለማራቅ በታሰበ ፕላን የተወለደ ስም፣ በኋላ የአገሬው የአብሮነት ስም ሆነ ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ አካባቢው በፍጥነት አደገ። በ1948 ዓ.ም የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ በ1953 ዓ.ም የአፍሪካ አዳራሽ ተሠሩ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ የጄት አውሮፕላን ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋልና። ያን ጊዜ ቦሌ ገና የእርሻ መሬት ነበር። እንግዳ በበዛ ቁጥር ሆቴልና ምግብ ቤት በዛ። ሆቴልና ምግብ ቤት ሲበዛ ደግሞ አብሳይ፣ አስተናጋጅ፣ ዘበኛ፣ ሊስትሮ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የት ይደሩ? በቪላዎቹ ጀርባ የጭቃ ቤቶች ተደርድረው በቀሉ።

2ኛ/ የጭቃ ቤትና የቀበሌ ቤት

የጭቃ ቤት አሠራሩ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ይተከላሉ። ከዚያም በማገር ይጠፈራሉ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ለጥቂት ቀናት ከርሞና ተረግጦ ይመረጋል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያዝለታል። ላዩ በቆርቆሮ ይሸፈናል። በየጊዜው ከተመረገና ቋሚው እርጥበት ካልነካው ብዙ ዓመት ይኖራል። ካልተጠገነ ግን ከታች መበስበስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ወደ ጎረቤቱ ዘመም ይላል። አሮጌ ሰፈር ውስጥ ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። አንዱን ብታፈርሰው የሁለተኛው ግድግዳ አብሮ ይሄዳል።

ጥገናው ለምን ቀረ? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በላይ የሆኑት ቤቶች ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከዚያ በታች ያሉት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራይም ተቀነሰ፤ በተለይ በዝቅተኛዎቹ ቤቶች ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። ይህ ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ለዐሥርተ ዓመታት እዚያው ቆሞ ሲቀር ቀበሌው ቆርቆሮ የሚለውጥበት ገንዘብ አጣ። ተከራዩም ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ከልቡ አያድሰውም። ልጆች ሲያድጉ አንዱ ክፍል በኮምፔንሳቶ ሁለት ይሆናል፤ ቆጥ ይሠራል፤ ደባል ይገባል። ስለዚህ የሰፈሩ እርጅና የሰዉ ስንፍና ያመጣው አይደለም። ቤቱን የሚጠግን ባለቤት ያልነበረበት አሠራር ያመጣው ነው።

3ኛ/ ሰፈር የሚሠራቸው ሥራዎች

ከውጭ ለሚያይ ሰው አሮጌ ሰፈር የቆርቆሮ ክምር ነው። ውስጡ ለኖረ ግን ቢያንስ አራት ሥራዎችን የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው።

ሀ) ገበያ ነው። ካዛንችስ የምትኖር እንጀራ ጋጋሪ ደንበኛዋ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ሊስትሮው ዕቃውን አንሥቶ ወጣ ካለ ሥራ ቦታው ላይ ነው። ለመጓጓዣ አይከፍልም። ለድኻ ሰው የመኖሪያ ቦታ ዋጋው ከቤቱ ጥራት ይበልጣል የሚባለው በዚህ ነው።

ለ) ባንክ ነው። የዕቁብን አሠራር ሁላችንም እናውቃለን። ልብ በሉ፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚወስደው በዋስ ነው። ዋስ የሚሆነው ደግሞ የሚያውቅህ ሰው ብቻ ነው። የሱቁ የዱቤ ደብተርም እንዲሁ ነው። ባለ ሱቁ ዘይትና ስኳር በዱቤ ሲሰጥ መያዣ አይጠይቅም። መያዣው ሃያ ዓመት መተዋወቅ ነው።

ሐ) መድን ነው። ዕድር በየወሩ ከአባል ጥቂት ብር ይሰበስባል። ሐዘን ሲደርስ ለፋፊው ይለፍፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ ይወጣል፤ ለሐዘንተኛው የተወሰነው ገንዘብ ይሰጣል። የማይቀብርና የማያስተዛዝን አባል ይቀጣል። ዕድር የሚሠራው አባላቱ ጥሪ በሚሰሙበት ርቀት ላይ ሲኖሩ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ አባል መዋጮውን ቢከፍል እንኳ ሌሊት መጥቶ ድንኳን አይተክልም።

መ) ሞግዚት ነው። እናት ለሥራ ስትወጣ ልጁን «እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» ብላ ለጎረቤት ትታው ትሄዳለች። ልጁ አስፋልት ሲሻገር የሚጮኽበት፣ ከትምህርት ቤት ሲፎርፍ «የማን ልጅ ነህ? ቆይ ለናትህ ነው የምነግርልህ!» የሚለው ሰው አይጠፋም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ይህን ሁሉ ይዞ ነው።

4ኛ/ ጉድለቱ

ይህን ስል አሮጌ ሰፈር ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። እዚያው ተወልጄ ስላደግኩ አውቀዋለሁ። አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ ነው፤ ጧት ሰልፍ አለ። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጩ መኪና በጠባቡ መንገድ አይገባም። የእሳት አደጋ መኪናም አይገባም። ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ሳፋና ባልዲ ወለሉ ላይ ይደረደራል። ተማሪ በዚያች ክፍል ጥግ ላይ፣ ሬዲዮና ወሬ ባለበት፣ ለፈተና ያጠናል። እንዴ! ይህንን ማንም ሰው ለልጁ አይመኝም። «ሰፈራችን፣ ሰፈራችን» እያልን ስንዘምር ይህንን መርሳት የለብንም።

5ኛ/ ማፍረሱና ጉዞው

አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን መገንባት የጀመረችው በ1996 ዓ.ም ገደማ፣ በቦሌ ገርጂ በተደረገ የሙከራ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግንባታው ወደ ከተማው ዳር እየሰፋ ሄዶ በምሥራቅ አያትንና ቦሌ አራብሳን፣ በደቡብ ገላን ጉራን የመሳሰሉ ትልልቅ መንደሮች ተፈጠሩ። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳ አሮጌ ክፍሎች ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ የካዛንችስ ተራ ደረሰ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የነበረው ኮንዶሚኒየም የመግዛት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት የመውሰድ ምርጫ ተሰጠው። ደባል የነበረው ግን በራሱ መንገድ ቤት ፈላጊ ሆነ። በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም፣ የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ተመረቀ። ለአሮጌ ነገር ሁለት ዓይነት ዕጣ በአንድ አካባቢ ታየ ማለት ነው።

ከተነሡት ቤተሰቦች አንዱ የኛ ነው። አዲሱ ቤት የራሱ ሽንት ቤት አለው፤ አያፈስም። እናቴ በመጀመሪያው ሳምንት መብራቱን እያበራች እያጠፋች ትስቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዘይት አልቆባት ብሎኩ ሥር ካለው ሱቅ ወርዳ «ለቅዳሜ እከፍላለሁ» ብትለው ልጁ በትሕትና «ይቅርታ እናቴ፣ አላውቅዎትም» አላት። ልጁ አልተሳሳተም። ካዛንችስ እናቴ የነበራት ሀብት ቤቱ ሳይሆን ያ «አውቅዎታለሁ» የሚለው ቃል ነበር። እሱ ደግሞ በካሳ ተመን ውስጥ አይገባም፤ በአይሱዙም ተጭኖ አይሄድም።

ይህ የኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት፣ ከለንደን ምሥራቃዊ አሮጌ ሰፈር ተነሥተው ዳር ወዳለ አዲስ መንደር የሄዱ ቤተሰቦች የተሻለ ቤት ቢያገኙም ከዘመድና ከጎረቤት ጋር የነበራቸው መረዳዳት እንደ ላላ አሳይተዋል። ቤት በአንድ ዓመት ይሠራል። መተማመን ግን የሚሠራው በብዙ ዓመት ነው።

ሆኖም ተስፋ የለም ማለት አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ኮሚናል» የሚባለው የጋራ ቤት ለለቅሶና ለድግስ ያገለግላል። በየብሎኩ አዲስ ዕድር እየተቋቋመ ነው። ቡና የሚጠራራ ፎቅም አለ። ሰዉ ሰፈርን እንደገና መፍጠር ያውቅበታል። የሚያስፈልገው ጊዜና ምክንያት ነው።

6ኛ/ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኝ ማንኛውም ትምህርት ቤት ብንመደብ ከመሐል ከተማ ተነሥቶ የመጣ ልጅ ማግኘታችን አይቀርም። አንዳንዱ የትምህርት ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ የዝውውር ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ቤቱ ርቆ ሳለ በድሮው ትምህርት ቤቱ ለመጨረስ ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥቶ መገናኛ ላይ ታክሲ ይሰለፋል። እንግዲህ የሚከተሉትን ልብ ብንል ይጠቅማል እላለሁ።

አንደኛ፣ አርፍዶ የመጣውን ልጅ በር ላይ ከማንበርከካችን በፊት «ከየት ነው የመጣኸው? ስንት ታክሲ ያዝክ?» ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ አዲስ የመጣ ልጅ ዝም ቢል ሰነፍ ነው ብለን አንቸኩል። ሰላም የሚለው ሰው ስለሌለው ይሆናል። በሰፈሩ ከሚኖር ልጅ ጋር አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጠው፤ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ሦስተኛ፣ ሰፈርን እናስተምርበት። ተማሪዎች የሰፈራቸው ስም ከየት እንደመጣ አያቶቻቸውን ጠይቀው ይጻፉ፤ የድሮውንና የአዲሱን ሰፈር ካርታ ይሳሉ፤ ከቤት እስከ ገበያ ያለውን እርምጃ ይቁጠሩ። በአንድ ሥራ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሒሳብ ይገናኛሉ። የፈረሰው ሰፈር ቢያንስ በደብተር ላይ ይቀራል።

አራተኛ፣ የወላጆች ስብሰባ ስንጠራ ስለ ውጤት ብቻ አናውራ። ለማይተዋወቁ ጎረቤቶች የመጀመሪያው መገናኛ ያ ስብሰባ ሊሆን ይችላል። አጎራባች የሆኑትን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ስም ለስም ማስተዋወቅ ወጪ የለውም።

ጓደኞቼ፣ ከተማ ያድጋል፣ ይለወጣል። ቤት መሥራት የግንበኛ፣ መንገድ መሥራት የመሐንዲስ ሥራ ነው። ከተለያየ ሰፈር የመጡ ሃምሳ ልጆችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ እንዲተዋወቁና እንዲተማመኑ ማድረግ ግን የመምህር ሥራ ነው። ያቺን ሥራ በሚገባ ከሠራን «አውቅሃለሁ» የሚለው ቃል ከክፍላችን ይጀምራል።