ደለልን የዘነጋ ክትር፦ የባንግላዴሽ ዴልታ

ዴልታ ማለት ወንዝ ወደ ባሕር ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ፣ ተሸክሞት የመጣው ደለል በአፉ ዙሪያ ተከማችቶ የሚፈጥረው ዝቅተኛ ምድር ነው። ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የግብፅ ዴልታ አፈር በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በተከዜ ታጥቦ የወረደ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ስለሚቀር፣ የዴልታውን ዳርቻ ባሕሩ እየሸረሸረው ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ደለሉ እስከ ባሕሩ ደጃፍ እየደረሰ፣ መሬቱን ለመጠበቅ በተሠራው ክትር ምክንያት ከመሬቱ የተለየበትን የባንግላዴሽን ዴልታ ነው።

አስቀድመን አንድ መሠረታዊ ነገር እናንሣ። የዴልታ መሬት ለስላሳ ደለል በመሆኑ በገዛ ክብደቱ እየተጨመቀ ዘወትር ዝቅ ይላል። ሳይሰጥም የሚቆየው ጎርፍና የባሕር ሙላት አዲስ የአፈር ንጣፍ ስለሚያለብሱት ነው። ስለዚህ የባሕር ጠለል ከፍ ማለትን ብቻ ለክቶ የሚነደፍ የመላመድ ዕቅድ ከሂሳቡ እኩሌታውን አስቀርቷል።

ጋንጀስ፣ ብራህማፑትራና ሜግና በዓመት 1 ቢሊዮን ቶን ያህል ደለል ያወርዳሉ። አገሪቱ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን በምትባልበት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨዋማው ውኃ የሩዝ ማሳዎችን እንዳያበላሽ የደቡቡን ጠረፍ በአፈር ክትር የማጠር ሥራ ተጀመረ፤ በክትር የታጠሩት ከ100 በላይ ቦታዎችም በኔዘርላንድስ ቃል ፖልደር ተባሉ። ምርቱ መጀመሪያ ጨመረ። ይሁንና ወደ ማሳ እንዳይገባ የተከለከለው ደለል በወንዞቹ ውስጥ እየተኛ ወለላቸውን ከፍ ሲያደርግ፣ በክትሩ ውስጥ ያለው መሬት ዝቅ አለ። በ1980ዎቹ በኩልናና በጄሶር አካባቢ የዝናብ ውኃ መውጫ አጥቶ በማሳዎች ላይ ለዓመታት ተኛ። ክትሩን ፈጽሞ መኮነን ግን ተገቢ አይመስለንም፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970 አንድ አውሎ ነፋስ ከ300,000 የማያንስ ሕዝብ የፈጀበት ጠረፍ ነውና።

በ2015 የታተመ ጥናት ፖልደር 32 የተባለውን ቦታ ክትር ካልተሠራለት ከሱንዳርባንስ ደን ጋር ቢያነጻጽረው፣ በ50 ዓመት ገደማ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። የዓለም የባሕር ጠለል ከ2006 እስከ 2018 በዓመት በአማካይ 3.7 ሚሊ ሜትር ጨምሯል፤ በዚሁ ፍጥነት በ50 ዓመት የሚደርሰው 18.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሜይ 2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ የዚህን ፖልደር ክትር ሲሰብረው፣ ሙላቱ እንደ ልቡ በተመላለሰባቸው ሁለት ዓመታት በአሥራዎች ሴንቲ ሜትር የሚለካ ደለል በመሬቱ ላይ ተነጠፈ።

ይህን ገበሬዎቹ ከተመራማሪዎቹ ቀድመው ያውቁት ነበር። በ1990 በቢል ዳካቲያ፣ በ1997 ደግሞ በቢል ባይና ሕዝቡ ክትሩን በገዛ እጁ ቆረጠ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚመጣው ሙላት ደለሉን ረግረጉ ውስጥ ጥሎ ይመለሳል፤ ሲጎድልም ሸክሙ የቀለለው ውኃ የወንዙን ወለል እየጠረገ ይወጣል። ወንዙ ይጠልቃል፣ መሬቱ ከፍ ይላል። የመንግሥት መሐንዲሶችም ዘዴውን ተቀብለው በሌሎች ረግረጎች ላይ ሞከሩት።

አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ደለሉ በእኩል አይነጠፍም፤ መግቢያው አጠገብ ብዙ፣ ራቅ ሲል ጥቂት ይሆናል። አንዱ ረግረግ ሲሞላ ወንዙ እንዳይደፈን ሌላው በተራው መከፈት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን መሬቱ ለበርካታ ዓመታት በጨው ውኃ ሥር ሲቆይ ባለማሳው ምን ይበላል? ካሳ ተፈቅዶ እንኳ በእጃቸው የተሟላ የባለቤትነት ሰነድ ለሌላቸው ማግኘቱ ከባድ ሆነ፤ መሬት ተከራይቶ ወይም በእኩል የሚያርሰውማ ሰነድ ከየት ያመጣል? በ2012 በቢል ካፓሊያ ነዋሪዎች ተቃውመው ግጭት በመነሣቱ ሥራው ቆመ።

ባንግላዴሽ በ2018 እስከ 2100 የሚደርስ የዴልታ ዕቅድ አጽድቃለች። በእኛ እምነት በእንዲህ ያለ ዕቅድ ከክትሩ ቁመት አስቀድሞ ሊሰላ የሚገባው በየትኛው ዓመት የትኛው ረግረግ እንደሚከፈት፣ የተከራዩም ቀለብ ከየት እንደሚመጣ ነው።